ልጄም እንደ ብይ የሚያመልጥ እብጠት ነበራት

እህቴ፣ የ14 ዓመት ልጅሽ ግራ ጡቷ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እብጠት አግኝታ፣ አያቷ «በቅቤ ይታሽ»፣ አባቷ «ዛሬውኑ ተቆርጦ ይውጣ» እያሉ መሐል ላይ መቸገርሽን ሳነብ የራሴ ጭንቀት ትዝ አለኝ። ልጄ ያኔ 15 ዓመቷ ነበር። ሹሩባ እየሠራኋት ሳለ «እማዬ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ» አለችኝ፤ የደፈረችው ፊት ለፊት ስላልተያየን ይመስለኛል። ስዳብሰው እንደ ብይ ከጣቴ ሥር ሙልጭ አለ። አያማትም። አራት ወር ደብቃዋለች።

በማግስቱ የሄድንበት ክሊኒክ ባለሙያው ዳበስ አደረገና «በዚህ ሳምንት እናውጣው» አለ። አልትራሳውንድ እንኳን አላዘዘም። ልብሷን እንድታወልቅ ሲያዛት መጋረጃው ክፍት ነበር። ይዣት ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ሴት ናት። መጀመሪያ ያነጋገረችው ልጄን ነው፤ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ፣ ከዘመድ የጡት ካንሰር የያዘው ሰው እንዳለ ጠየቀቻት። ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) እንዲነሳላት ብለምናትም የልጃገረድ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙ እንደማያሳይ፣ ጨረሩም ያለ ጥቅም እንደሚሆን አስረድታኝ አልትራሳውንድ አዘዘች። ውጤቱ ፋይብሮአዴኖማ ሆነ፤ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር። በዚህ ዕድሜ ከሚታዩት የጡት እብጠቶች ዋነኛው እሱ ነው፤ ካንሰር አይደለም። በልጃገረዶች ላይ የጡት ካንሰር እጅግ ብርቅ ነው። በየ6 ወሩ እየተለካ ሁለት ዓመት ተከታተልነው፤ አሁን ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።

መቁረጥን የምፈራው በከንቱ አይደለም። በማደግ ላይ ያለ ጡት ሲቆረጥ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል። የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ከጡቷ ጫፍ ሥር የሚወጣው ጠንካራ ቋጠሮማ ራሱ ጡቱ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ሊያጎጠጉጥ ይችላል። ያንን የቆረጠ ጡቷን ቆረጠ።

ባለቤትሽም ግን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አይባልም። እብጠቱ በፍጥነት ካደገ ወይም ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ከጡቷ ጫፍ ደም ከወጣ፣ ቆዳው ከተሰረጎደ፣ እብጠቱ ደርቆ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ወይም ጡቷ ቀልቶ ካተኮሳት ቀጠሮ አትጠብቂ።

ቅቤው እብጠቱን አያሟሟውም፤ መታሸቱ ያሳምማታል እንጂ። የእኔም እናት ይታሽ ብላ ነበር። በልጅነቷ ጡት ቶሎ እንዲያጎጠጉጥ ከወንዝ ጥንዚዛ ይዘው ጫፉን ያስነክሱ እንደነበር ስታጫውተን ልጄ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀች።

ዘመድ ሁሉ እየመጣ እንዲዳብሳት አትፍቀጂ። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ አብረሻት እንድትገቢ ትፈልግ እንደሆነ ራሷን ጠይቂያት፤ የእኔዋ «ውጭ ጠብቂኝ» ነበር ያለችኝ። የአልትራሳውንዱን ወረቀት ደግሞ አስቀምጪው፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አደገ አላደገ የሚባለው ከእሱ ጋር ተመሳክሮ ነው።