የአራተኛውን ዓመት ሒሳብ ሳትሠሪ አትወስኚ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት የአሜሪካ ኮሌጆች ተቀብለውሻል፤ የምትፈልጊው ኮምፒውተር ነክ ትምህርት ነው፤ አጎትሽ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ሊከፍሉልሽ ቃል ገብተዋል፤ አባትሽ ስሙ የገነነውን ኮሌጅ እንድትመርጪ ይፈልጋሉ፤ አንቺ ግን ልብሽ ተከፍሏል። መልስ የምትሰጪበት የመጨረሻ ቀን፣ እንደ አብዛኞቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ፣ ሜይ 1 ነው። በቅድሚያ እንኳን ደስ አለሽ። ከውጭ አገር አመልክቶ ከነስኮላርሺፑ ሦስት ቦታ ተቀባይነት ማግኘት የብርቱ ተማሪ ውጤት ነው።

የላክሽልኝን ሦስት የእርዳታ ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው። የስመ ጥሩው ኮሌጅ የዓመት ወጪ 84,000 ዶላር ነው፤ የሰጠሽ ስኮላርሺፕ 60,000። ቀሪው 24,000 ከአጎትሽ አቅም በታች ስለሆነ አባትሽ «ይበቃናል» ማለታቸው ተገቢ ይመስላል። ይሁን እንጂ ደብዳቤው ስኮላርሺፑ በየዓመቱ 60,000 እንደሚሆን ይናገራል እንጂ ክፍያው ሲጨምር አብሮ ያድጋል አይልም። ክፍያ ደግሞ በአብዛኞቹ ኮሌጆች በየጊዜው ይጨምራል። ጭማሪው በዓመት 4 በመቶ ቢሆን ብለን እናስላው፦ ሁለተኛው ዓመት 87,360፣ ሦስተኛው 90,854፣ አራተኛው 94,489 ይደርሳል። በአራተኛው ዓመት ከእናንተ የሚጠበቀው 34,500 ገደማ ነው። የአራቱ ዓመት ድምር ወደ 116,700 ይጠጋል፤ አጎትሽ ቃል የገቡት ግን ቢበዛ 100,000 ነው። ጉድለቱ ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ይመጣና የሚከብደው መጨረሻ ላይ፣ መመለሻ በሌለበት ሰዓት ነው።

ብዙ ቤተሰብ ይህን የማያየው በቸልተኝነት አይደለም። ለቪዛ የሚያስፈልገው አይ-20 የተባለው ቅጽ የሚያሰፍረው የአንድ ዓመት ወጪ ስለሆነ፣ የባንክ ማስረጃ ሲሰበሰብ የሁሉም ሰው ዐይን እዚያው ላይ ይቀራል። በኤፍ-1 ቪዛ የሚማር ተማሪ ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የትምህርት ብድርም ሆነ ድጎማ አያገኝም። የግል አበዳሪዎችም በአብዛኛው አሜሪካ የሚኖር ዋስ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ጉድለቱን በኋላ በብድር እሞላዋለሁ የሚለው ሐሳብ ላንቺ አይሠራም።

ሁለተኛው፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው፣ ብዙ አያቆየንም። ቀሪው 28,000 ገና ከጅምሩ ከአቅማችሁ በላይ ነው። ስኮላርሺፑ የሚቀጥለው አማካይ ውጤትሽ ከ3.5 ካልወረደ ብቻ ነው። ከሁሉም በላይ የተቀበለሽ ዩኒቨርሲቲው እንጂ የኮምፒውተር ምሕንድስና ክፍሉ አይደለም፤ ወደ ክፍሉ ለመግባት ከአንደኛ ዓመት በኋላ እንደገና መወዳደር አለብሽ። ይህን ተዪው እላለሁ።

ሦስተኛው ትንሹ ኮሌጅ ነው፤ ሰው ስሙን አያውቀውም ያልሽው። ወጪው 70,000፣ ስኮላርሺፑ 58,000 ሆኖ ሳለ ደብዳቤው ቀሪውን 9,000 ብሎታል። እዚህ ላይ ልብ በዪ፦ 3,000 ዶላር የተቀነሰው በግቢ ውስጥ ሠርተሽ ታገኛለሽ በሚል ግምት ነው። ይህ ገንዘብ ስጦታ አይደለም። ሥራው እስኪገኝ ይፈለጋል፤ ደመወዙ በየጊዜው እየተቆራረጠ ይከፈላል፤ ትምህርት ሲጀመር የሚመጣውን ክፍያ አይሸፍንልሽም። ሕጉም ቢሆን ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንድትሠሪ፣ በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ደግሞ ከግቢ ውጭ እንድትቀጠሪ አይፈቅድም። ስለዚህ ቀሪውን 12,000 አድርገሽ ያዢው። እንዲያም ሆኖ፣ ስኮላርሺፑ ባይጨምርና ክፍያው በዚያው 4 በመቶ ቢያድግ እንኳ፣ የአራተኛው ዓመት ቀሪ 20,700 ገደማ ነው። አጎትሽ ከገቡት ቃል አይዘልም።

የዚህ ኮሌጅ እውነተኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ አለው፤ ምሕንድስና የለውም። በደብዳቤሽ የጻፍሽው ስለ ፕሮግራም ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብ እንዴት እንደሠራሽው ስትተርኪ ደስታሽ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። ስለ ኤሌክትሪክ ዑደትና ስለ ቺፕ አንድም ቃል የለም። ፍላጎትሽ ይህ ከሆነ ኮምፒውተር ሳይንስ ምንም አያጎድልብሽም። ከምረቃ በኋላ በሙያሽ ለመሥራት የሚፈቀደው የ12 ወር ጊዜና ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ተመራቂዎች የሚጨመረው 24 ወር ለሁለቱም ዘርፎች ክፍት ነው። ልብሽ ዕቃውን ራሱን መንደፍ ላይ ከሆነ ግን ጻፊልኝ፤ መልሴ ይለወጣል፤ ምሕንድስና ሲሆን ትምህርቱ የምሕንድስና ትምህርቶችን ጥራት በሚመዝነው ኤቤት በተባለው ተቋም ዕውቅና ማግኘቱ ክብደት አለውና።

አባትሽን በተመለከተ፣ ስም ዋጋ የለውም ብለሽ አትሟገቻቸው። ስቴሲ ዴል እና አላን ክሩገር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ተመሳሳይ ኮሌጆች የተቀበሏቸው ተማሪዎች ይበልጥ ተመራጩን ቢተዉም በኋላ የሚያገኙት ገቢ እምብዛም እንደማይለይ አሳይተዋል። ሆኖም ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ ተማሪዎች ከተመራጭ ኮሌጅ ተጠቃሚ ሆነው ተገኝተዋል። አባትሽ የሚያስቡት ይህንኑ ነው፤ ከባዶ ተነሥተው አይደለም። የሚያሳምናቸው ክርክር ሳይሆን የአራት ዓመቱ ሠንጠረዥ ነው። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ሥሩት፤ ቁጥሩን በራሳቸው እጅ ይጻፉት።

ስመ ጥሩውንም ገና አንዝጋው። ለእርዳታ ክፍሉ ዛሬ ጻፊ፦ የቤተሰብሽን አቅም በቁጥር አስቀምጪ፤ የትንሹን ኮሌጅ ደብዳቤ አያይዢ፤ ስኮላርሺፑ ከክፍያው ጋር አብሮ እንዲያድግ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። እንዲህ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ጠየቀች ተብሎ የተሰጠሽ አይወሰድም። እሺ ካሉና በጽሑፍ ካረጋገጡልሽ እኔም ከአባትሽ ጎን እቆማለሁ። ካላሉ ትንሹን ምረጪ።

ትንሹን ኮሌጅ ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቂው፦ ከመቶ ተማሪ ስንቱ በአራት ዓመት እንደሚመረቅ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ ስንት ቋሚ መምህራን እንዳሉ። በአሜሪካ በብዛት የሚነገረው የምረቃ መጠን በስድስት ዓመት የጨረሱትን የሚቆጥር ነውና «በአራት ዓመት» የሚለውን አጥብቀሽ ያዢ፤ ያንቺ ስኮላርሺፕ አምስተኛ ዓመት የለውም።

ማስያዣ ገንዘብ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ክፈዪ። ለሁለት መክፈል ሲታወቅ ሁለቱንም ሊያሳጣሽ ይችላል። አይ-20 ሲደርስሽ የ350 ዶላሩን የሴቪስ (የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ተማሪዎች መዝገብ) ክፍያ የምትፈጽሚው በመረጥሽው ኮሌጅ ቅጽ ላይ ባለው ቁጥር ነው፤ ስምሽንና የልደት ቀንሽን ከፓስፖርትሽ ጋር አመሳክረሽ ክፈዪ። የእርዳታ ክፍሉ መልስ ከኤፕሪል መጨረሻ በፊት ከደረሰሽ ላኪልኝ፤ ሠንጠረዡን እንደገና አብረን እናየዋለን።