ወንድሜ አሜሪካ ከሰረ ተባለ፣ የስብሰባ ጥሪው ደግሞ ለኔ መጣ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፣ ጠባሴ አካባቢ ነው የምኖረው፣ የመንግሥት ሰራተኛ ነኝ። ታላቅ ወንድማችን ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚህ ቤት እንስራ ብሎ ጅምር ቤት በእናታችን ስም ተገዛ፣ ብሩን የላከው ግን እሱ ነው። ግንባታው መሃል ላይ እጅ ሲያጥረው እኔ እቁቤንም ከቁጠባና ብድር ማኅበር በዋስ የተበደርኩትንም ደምሬ ለብረት ለሲሚንቶ ለግንበኛ 600 ሺህ ብር አወጣሁ። እመልስልሻለሁ ብሎ ዘንድሮ 3,000 ዶላር ልኮልኛል፣ ቀሪው አለ። አሁን የመኪናው ዕዳና ክሬዲት ካርዱ ተደራርቦበት ለፍርድ ቤት ኪሳራ አመልክቷል፣ በመሥሪያ ቤቴ ፖስታ ሳጥንም ከአሜሪካ ፍርድ ቤት በስሜ ወረቀት መጣልኝ፣ ሳስነብበው የገንዘብ ጠያቂዎች ስብሰባ ነው ቀንና ሰዓትም አለው አሉኝ። እኔ ወንድሜን አልከሰስኩም! ካልቀረብኩ ገንዘቤ ቀረ ማለት ነው? እናቴ ወንድምሽን ለፈረንጅ ዳኛ ሰጠሽው ብላ አኩርፋኛለች፣ አጎታችን ሽማግሌ ልከን እናስከፍለው ይላል፣ የእሱ ጓደኛ ደግሞ ከዛ ደውሎ "ስለ ቤቱ ማንም ቢጠይቅሽ አላውቅም በይ" አለኝ። ግራ ገባኝ፣ ምን ላድርግ?
ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን አረጋጊልኝ። ወረቀቱ የመጣው አንቺ ስለከሰስሽው ሳይሆን እሱ ራሱ ስምሽን ስለጻፈ ነው። እዛ አገር ባንክራፕሲ (ኪሳራ) የሚያመለክት ሰው ዕዳ ያለበትን ሁሉ፣ ባንክም ይሁን እህት፣ አንድም ሳያስቀር ፎርሙ ላይ መዘርዘር አለበት፣ ይሄ የቤተሰብ ነው በኋላ እንነጋገራለን ብሎ መዝለል አይቻልም። ፍርድ ቤቱ እዛ ዝርዝር ላይ ስሙ ላለ ሁሉ ያንኑ ወረቀት ይበትናል። እንደኔ እንደኔ ወንድምሽ ስምሽን መጻፉ ዕዳሽን አልካደም ማለት ነው።

የመቅረብ ግዴታ የለብሽም። ስብሰባው ለሱ ነው ግዴታ፣ ገንዘብ ጠያቂ ግን ከፈለገ ይገባል ካልፈለገ ይቀራል፣ ስለቀረሽ ብቻ የምታጪው መብት የለም፣ ትልልቆቹ የክሬዲት ካርድ ኩባንያዎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ አይመጡም። ዋናው ነገር ወረቀቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ቻፕተር 7 ነው ወይስ ቻፕተር 13 የሚለውን ማየት ነው። ቻፕተር 7 ማለት ያለው ንብረት ለገንዘብ ጠያቂዎች ተከፋፍሎ ቀሪው ዕዳ የሚሰረዝበት ነው፣ እሱ ሆኖ የሚከፋፈል ንብረት ያለ አይመስልም የሚል ከሆነ ሌላ ማስታወቂያ እስኪመጣልሽ የገንዘብ ጥያቄ ፎርም አታስገቢ ይላል፣ በኋላ ንብረት ከተገኘ እንደገና ቀነ ገደብ ያለው ደብዳቤ ይልኩልሻል። ቻፕተር 13 ከሆነ ግን ሰውየው ከ3 እስከ 5 ዓመት በወር በወር እየከፈለ የሚጨርስበት ስለሆነ ካመለከተበት ቀን ጀምሮ በ70 ቀን ውስጥ ጥያቄሽን በፎርም ካላስገባሽ ከክፍያው ልትቀሪ ትችያለሽ። የጊዜው ነገር እንዳያመልጥሽ ዛሬውኑ እዪው።

እናትሽ የፈሩት ዳኛም እዛ አይኖርም፣ ሕጉ ራሱ ዳኛ እንዳይገኝ ይከለክላል። የሚመራው ትረስቲ የሚባል ንብረቱን የሚያጣራ ሰው ነው፣ አሁን አሁን አብዛኛው በዙም ነው የሚካሄደው። ወንድምሽ መታወቂያውንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን ያሳያል፣ ይምላል፣ ከዛ ጥያቄው ይጀምራል፦ ፎርሙን ራስህ አንብበህ ነው የፈረምከው? ያለህ ንብረት ሁሉ ተጽፏል? ለዘመድ የከፈልከው ወይ በሌላ ሰው ስም ያዛወርከው ነገር አለ? የሚጠብቀው ርስት፣ የሚጠብቀው ካሳ አለ? ገንዘብ ጠያቂ ከገባ እሱም ትንሽ እንዲጠይቅ ይፈቀድለታል፣ የተለየ ነገር ከሌለ በደቂቃዎች ያልቃል። እንግሊዝኛ የሚከብደው ከሆነ አስተርጓሚ በስልክ በነጻ ያቀርቡለታል፣ ግን ቀድሞ ለጠበቃው ይናገር፣ በመሃላ የሚሰጥ መልስ ነውና በደንብ ያልገባውን ጥያቄ የስ የስ እያለ እንዳያልፈው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፣ የጓደኛውን ምክር በፍጹም እንዳትሰሚ። እዛ ፎርም ላይ የሚጻፈው አሜሪካ ያለው ንብረት ብቻ አይደለም፣ የትም አገር ያለ ነው፣ በስሙ ያለው ብቻም ሳይሆን በሌላ ሰው ስም ሆኖ እሱ ድርሻ ወይም ጥቅም ያለበትም ጭምር። ካርታው በእናታችሁ ስም ቢሆንም ብሩ ከሱ ኪስ የወጣ ነውና ቤቱን ለጠበቃው መናገር አለበት፣ የማን ነው የሚባለውን ጠበቃው ይመዝነው። መናገሩ ቤቱን አሳልፎ መስጠት አይደለም፣ ግምቱ ስንት ነው፣ ያንቺ ገንዘብ ምን ያህል አለበት፣ የእናታችሁስ መብት ምንድነው፣ ይሄ ሁሉ ይታያል። መደበቁ ግን ወንጀል ነው፣ እያወቀ ንብረት የሸሸገ ወይም በመሃላ የዋሸ እስከ 5 ዓመት እስር አለበት፣ የዕዳ ስረዛውንም ይከለከላል። ፎርሙ ላይ ሳይጽፈው ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ጊዜ አለው፣ ፋይሉ እስካልተዘጋ ድረስ ማስተካከል ይቻላል፣ ከስብሰባው በፊት ቢያደርገው በጣም ይሻላል። ይሄን ማታውኑ ደውለሽ ንገሪው፣ ጓደኛው ያለሽንም ሳትደብቂ።

3,000 ዶላሩም እንደዚሁ ነው። ከማመልከቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ የተከፈለ ዕዳ ተለይቶ ይጠየቃል፣ ምክንያቱም ሊከስር የተቃረበ ሰው መጀመሪያ ለወገኑ ከፍሎ ሌላውን ባዶ እጁን እንዳያስቀር ነው። ለሌላው ገንዘብ ጠያቂ የሚታየው የመጨረሻው 90 ቀን ሲሆን ለዘመድ ግን ዓመት ሙሉ ወደኋላ ይኬዳል። የቤተሰብ ወጪ ዕዳ ሆኖ ድምሩ ከ600 ዶላር በታች ቢሆን ኖሮ ባልነኩት ነበር፣ ያንቺ ግን ከዛ ይበልጣል፣ ስለዚህ ትረስቲው መልሺ ብሎ ሊጽፍልሽ ይችላል። ቢጽፍልሽ አትደንግጪ፣ ሰርቀሻል ማለቱ አይደለም። ግን ደግሞ ከአሁኑ ፈርተሽ በሰው በሰው ለወንድምሽ እንዳትመልሺለት፣ የባሰ ይወሳሰባል። የባንክ ደረሰኙን፣ የሲሚንቶና የብረቱን ፋክቱር፣ ከሱ ጋር የተጻጻፍሽውን መልእክት በአንድ ፎልደር አስቀምጪ።

የአጎትሽን ሐሳብ እረዳዋለሁ፣ በኛ በሸዋ ወግ የወንድማማች ብድር በሽማግሌ እንጂ በፍርድ ቤት አይታይም። ግን ወንድምሽ ካመለከተባት ቀን ጀምሮ ዕዳ ማስከፈል በሕግ ቆሟል፣ ስልክ ደውሎ ክፈል ማለትም፣ ደብዳቤም ክስም ክልክል ነው፣ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ልኮ ክፈል ማለቱም ያው ማስከፈል ነው። ሽማግሌዎቹን እናትሽን ለማስታረቅ ላኳቸው፣ ለሱ ደግሞ በርታ ይበሉት። ዕዳው ከተሰረዘለት በኋላ ማንም ሊያስገድደው አይችልም፣ በፈቃዱ ልክፈል ካለ ግን ሕጉ አይከለክለውም፣ ወንድምሽ ሰርቶ ሲያገኝ እህቴን አልበድልም ቢል መንገዱ ክፍት ነው። የተሰረዘ ዕዳን ግን እንደ ድሮው ብድር ቆጥራችሁ እንዳትጨቀጭቁት አደራ።

እዚህ አገር ያለውን ከዚህ ጋር አታምታቺው፣ የኛ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የኪሳራ ሥርዓቱን ያወጣው በዋናነት ለነጋዴና ለንግድ ማኅበራት ነው፣ ደሞዝተኛ ዕዳ በዛብኝ ብሎ እንደ ወንድምሽ ሊያመለክትበት የሚችል አይደለም።

ስብሰባውን መስማት ከፈለግሽ ወረቀቱ ላይ የዙም ቁጥርና የይለፍ ቃል አለ፣ ሰዓቱ ግን የነሱ ነው። ቨርጂኒያ ከጠዋቱ 9:00 የሚለው በኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው፣ እነሱ ጋ ብርድ ሲገባ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ 11 ሰዓት ይሆናል። አንቺ ሆነሽ ግን ወንድምሽ በእህቱ ፊት እየማለ እንዳይጨነቅ ብትተዪው ደስ ይለኛል፣ ይልቅ የወረቀቱን ገጽ ሁሉ ፎቶ አንስተሽ ላኪለትና ጠበቃው ስምሽና አድራሻሽ ልክ መሆኑን ያረጋግጥልሽ።

አንድ የቀረ ነገር፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ የወሰድሽው ያንቺ ብድር ነው፣ የወንድምሽ ኪሳራ እሱን አያቆመውም፣ ዋስ የሆኑሽ የሥራ ባልደረቦችሽ ላይም ይመጣል። ሳይዘገይብሽ ሄደሽ ለማኅበሩ ሁኔታውን አስረጂና ወርሃዊ ክፍያው እንዲቀነስልሽ ወይ ጊዜው እንዲራዘምልሽ በጽሑፍ ጠይቂ፣ ዋሶችሽም ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ካንቺ አፍ ይስሙት።