ልጄን የሞተር ፍቅር ያዘው

የዚህ ወር ጥያቄዎች ግማሾቹ የመጡት ከወላጆች ነው። ግማሾቹ ደግሞ ወላጆቻቸው እንዳይሰሙባቸው ከሚፈልጉ ልጆች። አራቱን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቤታችን አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ ሆንዳ ኤክስ ኤል አለኝ፤ በወጣትነቴ ክፍለ ሀገር ስሠራ የነዳሁት ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወርድ ሸራውን ይገልጣል። እውነቱን ለመናገር ውስጤ ደስ ይለዋል። እናቱ ግን "ወይ ሞተሩ ይውጣ ወይ እኔ" ብላለች። ማስተማር ልጀምር ወይስ ልሽጠው?
የአራት ኪሎው አባት

መልስ፦ ጋሼ፣ አይሽጡት። ቁልፉንም አይስጡት። ቁልፉ አሁን በር ጀርባ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ ተነሥተው ኪስዎ ይክተቱት።

የሞተር መንጃ ፈቃድ ከ18 ዓመት በታች አይሰጥም። "ሰፈር ውስጥ ብቻ፣ እኔ እያየሁት" የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ። እኔም በ16 ዓመቴ እንደዚያ ተብዬ ነው ከነሞተሩ የጎረቤት አጥር ውስጥ የገባሁት። አጥሩ ቆርቆሮ ስለነበር ነው ዛሬ እየሳቅኩ የማወራው። ግንብ ቢሆን ኖሮ ይሄ ዓምድ ሌላ አዘጋጅ ይኖረው ነበር።

እንግዲህ ሦስት ዓመት አላችሁ ማለት ነው። አባቴ መጀመሪያ የፈቀደልኝ ሞተር መንዳት ሳይሆን ሞተር ማጠብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መሬት ላይ ጋዜጣ ያነጥፋል፣ በጣሳ ነጭ ጋዝ ይቀዳልኛል፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ያቀብለኛል፣ እኔም ካቴናውን ስፈትግ ስፈትግ እውላለሁ፣ የጣቴ ጥቁረት እስከ ሰኞ አይለቅም። እናቴ ትቆጣለች። አባቴ ዝም ብሎ ይስቃል። ስሞቹን የተማርኩት እዚያች ጋዜጣ ላይ ተቀምጬ ነው፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ካቴና፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ። ሁሉም ከጣልያን የመጡ ቃላት መሆናቸውን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የእኔ ጣልያንኛ እዚያ ተጀምሮ እዚያው አለቀ።

የእርስዎ ኤክስ ኤል ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልነካው። ብዙ ከቆመ ሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ያለው ቤንዚን ተበላሽቶ፣ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን ካርቡራተር እንደ ሙጫ ይዞታል። አውጥታችሁ እጠቡት። ዘይቱን ይለውጠው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ ቀለሙን ያንብብ። የጎማውን ነፋስ ይለካ። የሚያስፈልግ ዕቃ ካለ ሶማሌ ተራ ይዘውት ይሂዱና አብራችሁ ፈልጉ፤ ከሻጭ ጋር መከራከርም የሞተር ትምህርት አካል ነው። በገዛ እጁ ፍሬን የገጠመ ልጅ፣ ፍሬን ምን ያህል እንደሚይዝ ሳይጠይቅ አይነዳም። ቢያንስ እኔ ያየኋቸው እንዲህ ናቸው።

መንገድ ማንበብን ደግሞ በብስክሌት ይማር። አሁን መሃል ከተማው ላይ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፣ ይጠቀምበት። ዞር ብሎ ትከሻው ላይ ማየት፣ የቆመ ታክሲ በር ድንገት ሊከፈት እንደሚችል መጠርጠር፣ ቁልቁለት ላይ ቀድሞ መያዝ፣ ይሄ ሁሉ ያለ ነዳጅ ይለመዳል።

ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። እሳቸው አልተሳሳቱም። ሊያሸንፏቸው አይሞክሩ፣ ይልቅ ያስገቧቸው። ሄልሜት ሊገዙ ሲሄዱ አብረው ይሂዱ፣ ይምረጡ፣ ልጁ ላይ ያድርጉና ማሰሪያውን ጎትተው ይሞክሩ። በዓለም ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይሄንን ቁጥር ግን እራት ላይ እንደ መከራከሪያ አያንሡት። እርስዎ ራስዎ ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እንኳን ሄልሜት አድርገው ሲወጡ ቢያዩዎት ይሻላል። ልጁም የሚቀዳው የሚሉትን ሳይሆን የሚያደርጉትን ነው፤ ባዶ ራስዎን ወጥተው "አንተ ግን አድርግ" ቢሉት በልቡ ይስቅብዎታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ላይ ገደብ ጥላለች፤ ታርጋ ስላለው ብቻ አውጥቶ መንዳት ቀርቷል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ "እስኪ እስከ ስድስት ኪሎ" ከማለትዎ በፊት የፈቃዱን ነገር ሄደው ይጠይቁ። ልጅዎ ትራፊክ ሲያስቆምዎት እንዲያይ አይፈልጉም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 23 ዓመቴ ነው፤ ሰንጋ ተራ ነው የምሠራው። በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የምመላለሰው። መንዳት ያስተማረኝ አባቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ማካፋት ሲጀምር ቸርችል ጎዳናን ስወርድ ተንሸራትቼ ወደቅኩ። ክርኔ ተላጠ እንጂ ደህና ነኝ። ቤት "ደረጃ ላይ ወደቅኩ" ብያለሁ። ልንገራቸው? ደግሞ 19 ዓመት የሆነው ወንድሜ አስተምሪኝ እያለ ይለምነኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን አተረፈሽ። ለአባትሽ ንገሪው። ለብቻው፣ ቡና ከመፈላቱ በፊት። ያስተማረሽ እሱ ስለሆነ ከማንም በላይ የሚጠቅምሽ ጥያቄ የሚጠይቅሽ እሱ ነው፦ የትኛውን ፍሬን ያዝሽ? ዓይንሽ የት ነበር? ደረጃው ግን ብዙ ቀን አይቆምም፤ እናቶች የደረጃና የአስፋልት ቁስል ይለያሉ።

ለምን ወደቅሽ? ሳላይ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፣ ግን ግምቴ ይሄ ነው። በደረቁ ወራት አስፋልቱ ላይ ዘይት፣ ናፍታና አቧራ ሲጠራቀም ይከርማል። ካፊያ ሲጀምር ያ ሁሉ ከውኃው ጋር ተለውሶ ሳሙና ይሆናል። ዶፉ ሲወርድ ታጥቦ ስለሚሄድ፣ ክፉዎቹ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ከቻልሽ ያኔ አንድ ጥግ ቆመሽ ማኪያቶ ጠጪ። ካልቻልሽ የዜብራውን ነጭ ቀለምና የብረት ክዳኖቹን ቀጥ ብለሽ እለፊያቸው፤ እላያቸው ላይ አትጠምዝዢ፣ ፍሬንም አትያዢ።

ቁልቁለቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ያንቺ ሞተር ማርሽ ከሌለው፣ እኛ እንደምናደርገው ማርሽ ቀንሰሽ ሞተሩ እንዲይዝልሽ ማድረግ አትችዪም። ሁሉም ነገር የፍሬን ነው። ስትይዢ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፣ በደረቅ መንገድ 70 በመቶ ያህሉን። ብዙ ሰው ፈርቶት የኋላውን ብቻ ይረግጣል፣ ወይ ደንግጦ የፊቱን ባንዴ ይጨመድደዋል። ሁለቱም ይጥላሉ። እንደ ሎሚ ነው፤ ቀስ እያልሽ ጭመቂው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ስትሄጂ በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ትጓዣለሽ፣ በ30 ከሆነ 8 ሜትር ገደማ። አንድ ሰከንድ ማለት "ውይ" ብለሽ ጣትሽ ፍሬኑ ላይ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው።

ሄልሜትሽ አስፋልት ነክቶ ከሆነ ለውጪው። ከውጭ ጭረት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ የውስጡ ፎም ግን አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አያድንም።

ወንድምሽን አታስተምሪው። ገና ሁለት ሳምንት ያልሞላው ውድቀት በድብቅ ይዘሽ አስተማሪ አትሆኚም። ከዚያም በላይ፣ እጃችን የለመደውን ነገር ለሌላ ሰው መናገር እንረሳለን። እኔ እህቴን ሳስተምር ፍሪሲዮን ቀስ ተብሎ እንደሚለቀቅ አልነገርኳትም፣ ግልጽ መስሎኝ። ሞተሩ ከሥሯ ወጥቶ ለብቻው ሄደ። ማሠልጠኛ ይግባ፣ ፈቃዱን ያውጣ፣ ከዚያ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል አብራችሁ ውጡ። አንቺ ከኋላ ሆነሽ ተከተዪው። ከፊት ከሆንሽ ሊደርስብሽ ሲል ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄን ከፊቴ ሰልባትዮ ላይ አስቀምጬ መዋዕለ ሕፃናት አደርሳለሁ። በጣም ትወደዋለች። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ድንገት ፍሬን ብትይዝ በመሪውና በደረትህ መካከል ያለችው እሷ ናት። ከኋላ ለመቀመጥም እግሯ ማሳረፊያው ላይ በደንብ መድረስ፣ እጇ አንተን አጥብቆ መያዝ፣ የራሷ ልክ የሆነ ሄልሜት መኖር አለበት፤ በአራት ዓመት አንዱም የለም። የቆመ ሞተር ላይ አስቀምጣትና ጥሩምባውን ትንፋ። በዚህ ዕድሜ ለእሷ ዋናው ደስታ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጎቴ ድሬዳዋ ሲነዳው የነበረውን 150 ሲሲ ሞተር ምርቃት ብሎ ሰጠኝ። እዚያ እንደ ፈረስ ነበር። እዚህ ከቸርችል ወደ ፒያሳ ሲወጣ ያለቅሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። አጎቴ "አበላሸኸው" ብሎ ተቀይሞኛል።

መልስ፦ አላበላሸኸውም። አየሩ ነው። ድሬ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ግን ወደ 2,400 ሜትር። እዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ይሄን አያውቅም፤ ድሬ ላይ በለመደው ልክ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። አየር አነሰ፣ ቤንዚን በዛ፣ የተረፈው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል።

ካንዴላውን ፍታና እየው። ጥላሸት ለብሶ ከሆነ ያልኩህ ነው፤ ቡኒ ከሆነ ሌላ ነገር እንፈልጋለን። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አጽዳ፣ የድሬ አቧራ ሞልቶት ይሆናል፣ እሱ ብቻውንም ይሄንን ያደርጋል። ካልተሻለው ካርቡራተር የሚያውቅ ሜካኒክ ጋ ውሰደውና ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ የነሐስ ቁራጭ በጠበበች ይቀይርልህ። አሮጌዋን አትጣላት። ሞተሩን መልሰህ ወደ ቆላ የወሰድከው ቀን ታስፈልግሃለች፤ በጠበበችው ከነዳኸው ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል።

ለአጎትህም ደውልለት። ስለ ከፍታው ከማስረዳትህ በፊት ግን ማጣሪያውን ለመጨረሻ ጊዜ ያጸዳው መቼ እንደነበር ጠይቀው። ዝም ካለ ቂሙን እዚያው ይተወዋል።