መንታ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ለምን በየ2 ሳምንቱ አልትራሳውንድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መንታ አርግዤ 18ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ሐኪሜ በየ2 ሳምንቱ አልትራሳውንድ እንድታይ አዞኛል። መሥሪያ ቤታችን ያለችው ሌላዋ የመንታ እርጉዝ ግን የምትቀጠረው በወር አንዴ ነው። የኔ ልጆች ምን ሆነው ነው? ወረቀቴ ላይ «ኤምሲዲኤ» ይላል። አማቴ ደግሞ «ማሽኑ ልጆቹን ያሞቃቸዋል፣ አታብዢው» ይላሉ።

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለዎት። ቀጠሮ ስለበዛ ብቻ ልጆቹ ታመዋል ማለት አይደለም። ምክንያቱ ወረቀትዎ ላይ ያለችው ያቺ ቃል ናት፦ ልጆችዎ የሽርት ከረጢታቸው ለየብቻ ነው፣ የእንግዴ ልጃቸው ግን አንድ ነው። የባልደረባዎ ልጆች ለየራሳቸው እንግዴ ልጅ ሳይኖራቸው አይቀርም።

ይህ በደንብ የሚለየው ከ11ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ነው። በልጆቹ መሃል ያለው ግርዶሽ እንግዴ ልጁን በሚነካበት ቦታ እንደ ፊደላችን «ለ» እግሩን ከፈት ካደረገ ሁለት ነው እንላለን፤ ቀጭን ሆኖ ቀጥ ብሎ ከተተከለ አንድ። እናቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ይመሳሰላሉ ወይ?» ብለው ነው። ለክትትሉ ቁም ነገሩ እሱ አይደለም፤ ከአንድ ጽንስ ከተከፈሉት መንቶች እንኳ ሲሶ ያህሉ የየራሳቸው እንግዴ ልጅ አላቸው።

አንድ እንግዴ ልጅ ሲጋሩ የደም ሥሮቻቸው እዚያው ውስጥ ይገናኛሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደውና የሚመለሰው ደም ይመጣጠናል። ከ100 እንዲህ ካሉ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ግን ወደ አንዱ ያደላል። ሰጪው ደም ሲያንሰው ሽንቱ ይቀንሳል፤ የሽርት ውሃ በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የጽንሱ ሽንት ስለሆነ ውሃው ይጎድልበታል። ተቀባዩ በተቃራኒው አብዝቶ ይሸናል፣ ውሃው ይሞላል፣ ልቡም ጫና ይበዛበታል። ስክሪኑ ላይ ስናየው አንዱ ግርዶሹ እንደ ነጠላ ተጠቅልሎበት የማህፀን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ሌላው እንደ ልቡ ይንሳፈፋል። ዛሬ ደህና የነበረው በቀናት ውስጥ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ ወር የማንጠብቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከክብደታቸው ሌላ በየከረጢቱ ያለውን ጥልቅ የውሃ ኪስ እንለካለን። በአንዱ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች፣ በሌላው ከ8 በላይ ከሆነ አንተኛም። የሁለቱም ፊኛ ይታያል ወይ? የእትብታቸውስ የደም ፍሰት በዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን በሚያሳየው የአልትራሳውንድ ዓይነት፣ ሲታይ እንዴት ነው? ችግሩ በጊዜ ከተደረሰበት የሚገናኙትን የደም ሥሮች በሌዘር መዝጋት ይቻላል። ይህ ሕክምና በየሆስፒታሉ የለም፤ ቶሎ ከታወቀ ግን ሪፈር ለመጻፍና ለመንገድ ጊዜ ይገኛል።

አልትራሳውንድ እንደ ራጅ ጨረር የለውም፣ የድምፅ ሞገድ ነው። በሙቀቱ ግን አማትዎ ጨርሰው አልተሳሳቱም፦ ዶፕለር አንድ ቦታ ላይ ብዙ ቢቆይ በጥቂቱ ሊያሞቅ ይችላል፤ ባለሙያውም ለልኬት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው የሚያቆየው። እኔስ የማልወደው ለማስታወሻ ፎቶና ቪዲዮ ተብሎ ያለ ምክንያት የሚረዝመውን ነው።

ከተቻለ አንድ ቦታ ይከታተሉ፤ የቀድሞ ወረቀቶችዎንም ሁሉ ይያዙ። «ልጅ 1» የተባለው በቀጣዩ ቀጠሮ «ልጅ 2» ከሆነ ልኬቱን ማነጻጸር ይበላሻል፣ ይህም ያጋጥማል። የግል ክሊኒክ ክፍያ ከከበደዎት ቀጠሮውን ከመዝለል ጤና ጣቢያዎን ወደ መንግሥት ሆስፒታል ሪፈር ይጠይቁ። ሁሉም ደህና ከሄደ እንደርስዎ ያሉት 36ኛው ሳምንት ላይ እንዲወልዱ ይደረጋል፤ ባልደረባዎ 37ኛው ላይ።

እስከዚያው ሆድዎ በቀናት ውስጥ ድንገት ከተወጠረ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ምጥ መሰል ቁርጠት፣ ደም ወይም ውሃ ከመጣ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለ፣ መንቀሳቀሳቸው ከተሰማዎት በኋላም እንቅስቃሴያቸው ከቀነሰ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።