አፑን ከማሠራትሽ በፊት ወጥ ቤትሽን እይው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ደብረ ሲና ላይ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ምግብ ቤት አለችሽ። ግማሹ ደንበኛሽ የደሴ መንገደኛ ነው። ሰው በስልኩ የሚያዝበት አፕ ማሠራት ፈልገሽ «ከምን ልጀምር? ምን ምን ይኑረው?» ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ለገዛ እህቴ ምግብ ቤት አንድ ሠርቼላት ነበር። ኮዱ ብዙም አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝን ልንገርሽ።

ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ የደከምኩት ደንበኛው በሚያየው ገጽ ላይ ነው። የክትፎው ፎቶ፣ ቀለሙ፣ ምኑ ቅጡ። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሰባት ትዕዛዝ በአንዴ ገባ። ስልኩ ያለው ካሸሯ ጋ ነው። ካሸሯ ብር ትቆጥራለች። ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ ምንም አልሰማችም። ደንበኛው ደውሎ «የት ደረሰ?» ሲል ትዕዛዙ ገና መሳቢያ ውስጥ ይጮኻል።

ከዚያ በኋላ ርካሽ ስልክ ገዝተን ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ሰቀልነው። ሰው እስኪነካው ድረስ መጮኹን አያቆምም። ወጥ ሠሪዋ ግን እጇ ሁልጊዜ ወይ ሽሮ ነው ወይ ሊጥ። «በጣቴ አንጓ እንድነካው አድርግልኝ» አለችኝ። ስክሪኑን ሙሉ ለሦስት ቁልፍ አካፈልኩት፦ ተቀበልኩ፣ ደረሰ፣ አለቀ።

«አለቀ»ን አደራ። ሰው ቤትሽ ገብቶ ተቀምጦ «ዱለት አልቋል፣ ቅቅል ላምጣ?» ብትይው ቅር አይለውም። በስልክ አዝዞ፣ ብሩን ልኮ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ «አልቋል» ስትይው ግን ጠብ ነው። ትንሽ ቤት ውስጥ ደግሞ ምግብ ያልቃል፤ ጥቂት ስለምትሠሪ። ወጥ ሠሪዋ ቁልፏን ስትነካ ምግቡ በዚያው ቅጽበት ከሜኑው መውረድ አለበት።

ጾሙ ላይ ደግሞ ጉድ ሆኛለሁ። ብልጥ ነኝ ብዬ «ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ፍስኩን ደብቅ» ብዬ ጻፍኩ። ሁዳዴውን በቀኑ አስገባሁ፣ ጥሩ ሠራ። ፋሲካ አለፈ። በዚያው ሳምንት ረቡዕ ሰው ሁሉ 55 ቀን ጾሞ ሥጋ አምሮታል፣ የእኛ አፕ በያይነቱና ተጋቢኖ ብቻ ደርድሮ ቁጭ! ከፋሲካ በኋላ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕም ዓርብም እንደማይጾም ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። ኮድ ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም። አሁን ማብሪያ ማጥፊያዋ እህቴ እጅ ነው። ጠዋት «ጾም» ወይም «ፍስክ» ትላለች፣ አለቀ።

ሰዓትም እንደዚሁ። ስልኩ የራሱን ሰዓት መምረጫ ያወጣል። አንድ የቢሮ ደንበኛ ለቁርስ ጨጨብሳ አዝዞ 3 ሰዓትን መረጠ። አፑ ከቀኑ 9 ሰዓት መሰለው። ቁርሱ ከምሳ በኋላ ደረሰ። መምረጫውን ራስሽ አሠሪው፤ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብሎ በአማርኛ ይጻፍ።

ዋጋውን ደግሞ አንቺ ከስልክሽ የምትቀይሪው ይሁን። እኔ ኮዱ ውስጥ ቀብሬው ዘይትና ሽንኩርት በተወደደ ቁጥር እህቴ ሥራ ቦታ ድረስ ትደውልልኝ ነበር። ስለ አድራሻ ብዙ አትጨነቂ። ካርታ ላይ ምልክት አድርግ ብትይው ማንም አያደርግም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» የሚጽፍበት ቦታና ስልክ ቁጥር ይበቃል። የባጃጁ ልጅ እንደሁ መደወሉ አይቀርም። ምግቡ በመንገድ መቀዝቀዙ የእኛ ችግር ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ሽሮው በር ላይ ሳይደርስ ይረጋል። እናንተ ከእኛ ትንሽ ዝቅ ትላላችሁ።

ክፍያ ላይ አንድ ነገር። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። ግን ስክሪንሾት አትመኚ። የአራት ሰው ምሳ ልከን ስናየው የደረሰን ስክሪንሾት ያለፈው ሳምንት ነው። አንቺ ስልክ ላይ መልእክቱ ካልገባ፣ የግብይት ቁጥሩም ካልገጠመ አልተከፈለም በይ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከአዲስ አበባ የተነሳ መንገደኛ 190 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አንድ ጊዜ ለሚበላው ምሳ አፕ አያወርድም። ዳታውንም አያባክንም። የሚፈልገው እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ጣርማ በር ላይ ሆኖ «አራት ሰው ነን፣ ሁለት ጥብስ፣ ሁለት የጾም» ብሎ ደርሶ መብላት ነው። መኪናው አይጠብቀውማ። ስለዚህ አፑን ለጊዜው ተይውና በቴሌግራም ቦት ጀምሪ፤ ቴሌግራም ውስጥ ሆኖ በቁልፍ ትዕዛዝ የሚቀበል ማለት ነው። ቦት መክፈት በነፃ ነው። አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት ግን አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል፤ ብሩ ቢኖርሽ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ መፈለጉ ራሱ ሥራ ነው። እኔ ከፍዬ አውጥቼው የአብዛኛው ሰው ትዕዛዝ አሁንም የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ትንሽ ያናድዳል።

ሜኑውን ፎቶ አንስተሽ አትለጥፊ፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ኔትወርክ ሲደክም ፎቶ አይከፈትም። መንገደኛው «ስንት ደቂቃ ቀራችሁ?» ተብሎ ይጠየቅ። ጥብሱ ምጣድ ላይ የሚወጣው በዚያ ነው። ከቦቱ ጎን የስልክ ቁጥርሽን ግድግዳው ላይ በትልቁ አስጽፊ፤ ሾፌሮችና ረዳቶች የሚደውሉት እሱን አይተው ነው።

መብራት ሲጠፋ ወጥ ቤት ያለው ስልክ እንዳይሞት ፓወር ባንክ ይኑርሽ። አንድ ደብተርና እስክሪብቶም በክር አስረሽ አጠገቡ ስቀይ። እኛ ጋ ደብተሩ ሦስተኛው ነው።

የምትሠሪያቸውን ምግቦችና የሚወስዱትን ደቂቃ እዚህ ጻፊልኝ፤ የቦቱን ቁልፎች አሰላለፍ ቅዳሜ ማታ ሠርቼ እልክልሻለሁ።