ለማሾ ወንፊት ብሩሽ የሌለው ሞተር ከውጭ አታስመጣ

ከሐርቡ የጻፍከው ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የማሾ ማበጠሪያ ወንፊት በመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር እየሠራህ ነው፤ በአርዱዪኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ) ስትቆጣጠረው ድራይቨሩ፣ ማለትም በአርዱዪኖው ትዕዛዝ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚያስተላልፈው ሰሌዳ፣ ደጋግሞ ተቃጥሎብሃል፤ አሁን ደግሞ ‹‹ብሩሽ የሌለው ሞተር ከውጭ ላስመጣ ወይ?›› ትላለህ። አታስመጣ። እኔ ኮምቦልቻ ላይ ይህንኑ ማሽን ሠርቼ የሰፈሩ ሰው ማሾውን እያመጣ ያበጥርበታል። የሚያንቀሳቅሰውም ከአሮጌ መኪና የወጣ፣ ካርቦን (ብሩሽ) ያለው ተራ ሞተር ነው። አብሽር፣ ያንተም ይሠራል።

ስለ ኮድ አልነግርህም፤ ድራይቨር እስከ ማቃጠል የደረሰ ሰው ኮዱን ያውቀዋል።

1. ሞተሩ ሲታነቅ ስንት አምፔር እንደሚስብ እወቅ። ሻጭ የሚነግርህ በነጻነት ሲዞር የሚወስደውን ነው፤ ድራይቨር የሚገድለው ግን ሲነሳና ወንፊቱ ሞልቶ ቀጥ ሲል የሚወስደው ነው። ሞተር ሲዞር ባትሪውን የሚገታ ተቃራኒ ቮልቴጅ ራሱ ያመነጫል፤ ቆሞ ሳለ ግን አያመነጭም፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩን የሚገታው የመዳብ ጥቅሉ ሬዚስታንስ ብቻ ነው። የእኔ ሞተር 0.6 ኦም ገደማ ነው፤ 12ን ለ0.6 ስታካፍል 20 አምፔር ይሆናል። ኦሙን ስትለካ መጀመሪያ ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች አነካክተህ የሚያሳየውን ቁጥር ቀንስ። ከዚያ ሞተሩን ለአፍታ በባትሪ እያንቀሳቀስክ፣ ሁልጊዜ ባትሪውን ነቅለህ፣ በተለያየ ቦታ ለካና ትንሹን ያዝ። ዘንጉን በእጅህ ለማዞር አትታገል፤ የመጥረጊያ ሞተር ጥርስ ከውጭ ሲገፉት ይቆልፋል።

በፎቶህ ላይ የሚታየው ቀይ ሰሌዳ ኤል 298 ኤን ነው። በአንድ መስመር የሚችለው 2 አምፔር ነው። በዚያ ላይ 2 አምፔር ሲያልፍበት እስከ 4.9 ቮልት ድረስ ራሱ ሊበላ ይችላል፤ ለሞተሩ የሚደርሰው 7 ቮልት ገደማ ሲሆን ቀሪው ወደ 10 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሐርቡ ደግሞ ቆላ ነው። ለእኔ የሸጡልኝ ሰዎች ‹‹ማንኛውንም የ12 ቮልት ሞተር ያዞራል›› ብለው ምለው ነበር፤ ሲቃጠል ተሸክሜ ስሄድ ‹‹አንተ ነህ ያቃጠልከው›› ብለው በሰው ፊት አሳፈሩኝ። የአምራቹን የመረጃ ወረቀት አውጥቼ ባሳያቸውም ዓይናቸውን ወደ ወረቀቱ አላዞሩም።

2. ቢ ቲ ኤስ 7960 የተባለውን ሰሌዳ ግዛ። ከ5.5 እስከ 27 ቮልት ይሠራል፤ ሲግል ራሱን ይዘጋል። ሻጮች 43 አምፔር ብለው የሚጽፉትን ግን እንዳለ አትመን፤ በዚያች ትንሽ አሉሚኒየም ላይ ለረጅም ጊዜ ያን ያህል አይሸከምም። ለእኛ ወንፊት ግን ከበቂ በላይ ነው። አርዱዪኖው ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ኃይሉን በሰከንድ 490 ጊዜ (490 ኸርዝ) እያበራ እያጠፋ ነው፤ ይህ ሞተሩን ያስጮኸዋል፤ በ9 እና በ10 ቁጥር ፒኖች ላይ የታይመሩን ማካፈያ (ፕሪስኬለር) 8 አድርገህ ወደ 3.9 ኪሎኸርዝ አውጣው። 31 ኪሎኸርዝ አድርጉ የሚሉ አሉ፤ ይህ ሰሌዳ እስከ 25 ነው የሚቀበለው። ፍጥነቱን ደግሞ ከዜሮ ጀምረህ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀስ እያልክ አሳድገው እንጂ በአንዴ አትልቀቀው።

በሰሌዳው ፈንታ ነጠላ ሞስፌት (ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ማጥፊያ) ልጠቀም ካልክ ‹‹አይ አር ኤፍ 540›› የሚሉትን ተወው፤ በደንብ የሚከፈተው በሩ (ጌት የሚባለው እግሩ) ላይ 10 ቮልት ሲያገኝ ነው፤ የአርዱዪኖ 5 ቮልት ግማሽ ከፍቶት ያግለዋል።

3. ይህን ማንም አይነግርህም፤ እኔም ያገኘሁት ማንም ሳይረዳኝ ነው። በብዙ የመጥረጊያ ሞተሮች ላይ የሞተሩ ብረት አካል ራሱ ኔጋቲቭ ነው። መኪና ላይ ችግር የለውም፤ ሻንሲው ሁሉ ኔጋቲቭ ስለሆነ። አንተ ግን ሞስፌቱን በኔጋቲቩ በኩል አስገብተህ ሞተሩን በወንፊቱ ብረት ላይ በቡሎን ስታስረው፣ የባትሪው ኔጋቲቭ ያንን ብረት በየትኛውም ቦታ ከነካ ሞስፌቱ ተዘለለ ማለት ነው። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል፤ ኮድህ ‹‹ቁም›› ቢለው አይሰማም። የእኔ ወንፊት በዚህ ምክንያት እንቢ ብሎ ሲንቀጠቀጥ የሚያዩት ሁሉ ‹‹ፕሮግራሙ ተበላሽቷል›› ይሉኝ ነበር። መለኪያውን ከሞተሩ አካል ወደ ኔጋቲቭ ገመዱ ሳደርገው ዜሮ አሳየኝ፤ ነገሩ እዚያው ተፈታ። ቢ ቲ ኤስ 7960 የምመርጥበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፤ ከሁለቱ መውጫዎቹ አንዱን ብቻ ወደ ሞተሩ ፖዘቲቭ ታገናኛለህ፣ አካሉ እንደ መኪናው በኔጋቲቭ ይቆያል። ሰሌዳውን ሳትቆርጥ፣ ሞተሩን በጎማ ሳትለይ ይሠራል።

4. ብሩሽ ስለሌለው ሞተር። እኔም ካርቦን የሌለው ዕድሜው ይረዝማል ብዬ ለሌላ ሥራ አስመጥቼ ነበር፤ ሞተሩ እውነትም ግሩም ነው። ዕቃው ሲደርስ ግን አንድ መሥሪያ ቤት ያዘብኝ። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሳጥኑን ገለጥ አድርጎ ‹‹ይህ የድሮን ነው›› አለ። ለእርሻ መሣሪያ ነው ብዬ ሥዕሉን ባሳየው ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ደብዳቤ ሳመጣ ማኅተሙ የሌላ ክፍል መሆን ነበረበት ተባልኩ። ሌላ ማኅተም ሳመጣ እሱ በቦታው የለም፤ በቦታው ያለችው ደግሞ ጉዳዩን አታውቀውም። ከኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ቆሜ ስጠብቅ አንድ ጊዜ እንኳን ‹‹ቁጭ በል›› ያለኝ የለም። በመጨረሻ ሲለቁልኝ የማከማቻው ክፍያ ከሞተሩ ዋጋ በልጦ ነበር። ገንዘቡስ ይሁን፤ ሠርቶ የሚያድርን ሰው እንደ ወንጀለኛ እያዩ ማመላለሳቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንተን ይህ እንዲደርስብህ አልፈልግም፤ በተለይም ለወንፊት ጨርሶ ስለማይሆን። የድሮን ሞተር ላይ ‹‹1000 ኬቪ›› ተብሎ ሲጻፍ በየቮልቱ 1000 ዙር ማለት ነው፤ በ12 ቮልት ያለ ጭነት በደቂቃ 12,000 ይዞራል። የመጥረጊያ ሞተር ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ40 እስከ 70 ነው፤ ለወንፊት የሚመቸውም እንዲህ ያለ ዝግ ያለና ጉልበት ያለው ዙር ነው። ከዚህም ሌላ ለዚህ ሞተር ሦስት ገመዶች በየተራ ኃይል የሚሰጠው መቆጣጠሪያ የሞተሩን አቋም የሚያውቀው ከሚመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ ነው፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ደግሞ ያ ቮልቴጅ የለም። ስለዚህ ማሾ በሞላበት ወንፊት ሲነሳ እየዘለለ ይንቀጠቀጣል። የግድ ብሩሽ የሌለው ካሻህ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሞተር ፈልግ፤ ብዙውን ጊዜ በውስጡ አቋሙን የሚያሳውቁ ሦስት የሆል ሴንሰሮች ስላሉት ከቆመበት በጉልበት ይነሳል። ከራሱ መቆጣጠሪያ ጋር ውሰደው።

ሞተር ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ስትገዛ ከየትኛው መኪና እንደወጣ ጠይቅ። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው፤ የእነሱን ሞተር በ12 ቮልት ብታስነሳው ግማሽ ፍጥነት እንኳን አይሞላም። ጥሩ ሞተር ነው እያሉ ሊሸጡልህ ይሞክራሉ።

ፊውዙን ባትሪው አፍ ላይ አድርግ፤ ከባትሪ እስከ ድራይቨር ወፍራም የመኪና ገመድ፤ ድራይቨሩ መግቢያ ላይ የ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ሞተሩ ላይ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር። አርዱዪኖውንና ድራይቨሩን አቧራ በማይገባበት ሳጥን ዝጋ፣ አሉሚኒየሙ ግን ወደ ውጭ ይውጣ። ሞተርህን ለክተህ ስንት ኦም እንዳገኘህና አካሉ ከኔጋቲቩ ጋር መገናኘት አለመገናኘቱን እዚሁ ጻፍልኝ፤ የፊውዙን መጠን አብረን እናሰላለን።