ለመዝገብ ቤት ሥራ ከኢንተርኔት ምን ይወረዳል?

እህቴ፣ ድሬ ላይ መዝገብ ቤት አዲስ ተመድበሽ «ሥራውን የሚያስተምር ነጻ ነገር ከየት ላውርድ? የትኛው ፋይልስ ስንት ዓመት ይቀመጣል?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ የሁለቱ መልስ አንድ ቦታ አይገኝም። ዘዴውን ከየትም አገር ውሰጂ፤ ዓመቱን ግን ከአገራችን ሕግ ውጪ አትውሰጂ። ጎግል ላይ ቀድመው የሚመጡት የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የማቆያ ሰሌዳዎች የየአገራቸውን የታክስና የይርጋ ሕግ ተከትለው የተሠሩ ናቸው። ቁጥሩን እንዳለ ብትገለብጪ እዚህ ገና ክርክር ሊነሳበት የሚችል ማስረጃ ታስወግጃለሽ።

ስለዚህ መጀመሪያ አዋጆቹን አውርጂ፦ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ 179/1991፣ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016። ፍለጋው ላይ ብዙ ሰው የሚቸገረው በዓመቱ ነው። አማርኛው በእኛ አቆጣጠር፣ እንግሊዝኛው በፈረንጅ ስለሚጽፈው 179/1991 እና 179/1999 ያው አንድ ሕግ ነው፤ በሁለቱም ፈልጊ። የቆየ ነጋሪት ጋዜጣ አብዛኛው ስካን ምስል ስለሆነ ውስጡ ያለውን ቃል ብትጽፊ አይመጣልሽም፤ በአዋጅ ቁጥሩ ሂጂ። የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ትርጉም ከተለያየ የመጨረሻው ሕጋዊ አማርኛው ነው። በቴሌግራም የሚዞረው ቅጂ ገጽ ሊጎድለው ስለሚችል የገጽ ቁጥሮቹን ተከተዪ፣ መጨረሻው ላይ «አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ» የሚለው አንቀጽ መኖሩንም እዪ። ኋላ የወጣ ሕግ እንዳልነካውም አረጋግጪ፤ ለምሳሌ የ590ን የሚዲያ ክፍል 1238/2013 ተክቶታል። ድሬ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ነው፤ ሐረር ያላችሁ ግን የክልሉንም ሕግ ጨምራችሁ ጠይቁ።

ለዘዴው፣ በእኔ ግምት ከኢንተርናሽናል ሪከርድስ ማኔጅመንት ትረስት የተሻለ ነጻ ነገር የለም። ከዓለም አቀፉ የቤተ መዛግብት ምክር ቤት ጋር በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመንግሥት ሪከርድ ሥልጠና ተከታታይ ሞጁል ነው፤ አየር ማቀዝቀዣም በጀትም በሌለበት ቢሮ የሚሠራ ሰው ታስቦበታል። በእጅ ላይ ያሉ ፋይሎችን ስለማደራጀት ከሚናገረው ጀምሪ፣ ከዚያ ምን ይቀመጥ ምን ይወገድ የሚለውን አንብቢ። የሠራተኛ ማኅደር፣ የሒሳብና የሆስፒታል ሰነድ ለየብቻ ሞጁል አላቸው። የድንገተኛ አደጋ ዝግጅቱን እንዳትዘይው፤ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ ያለፈበት ከተማ ውስጥ ክላሰር መሬት ላይ መደርደር አይገባም፣ የታችኛው መደርደሪያም ከወለሉ ከፍ ማለት አለበት። ስለ ኮምፒውተር የሚለው ግን አርጅቷል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ሪከርድ ሥልጠና ይሻላል። ሊንኩ ካልከፈተ አድራሻውን ዌይባክ ማሽን ላይ (የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ድረ ገጽ ነው) ለጥፊው።

የሪከርድ አያያዝ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኤስኦ 15489 በገንዘብ ነው የሚሸጠው። ለጀማሪ አትግዢው፤ የድርጅቱ ድረ ገጽ መግቢያውንና የቃላት ፍቺውን በነጻ ያስነብባል፣ ለጊዜው ይበቃል።

ኮምፒውተር ውስጥ የተከማቸውን ለማወቅ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድሮይድ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለው። ጃቫ ይፈልጋል። ፎልደሩን ስታሳዪው የእያንዳንዱን ፋይል ዓይነት በስሙ ቅጥያ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባለው ምልክት ለይቶ ዝርዝሩን በሲኤስቪ (ኤክሴል ሊከፍተው በሚችል የሠንጠረዥ ፋይል) ያወጣል። ሃሽ የሚባለውን፣ ከፋይሉ ይዘት መለያ ቁጥር የሚያወጣውን ምርጫ ካበራሽ ሁለት ሦስት ቦታ የተቀመጠ አንድ ዓይነት ሰነድም ይታወቃል። ሲኤስቪውን ኤክሴል ላይ ዝም ብለሽ ከከፈትሽው የአማርኛ ስሞች ሊበላሹ ይችላሉ፤ ከዳታ ሜኑ ገብተሽ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን የፊደል አጻጻፍ መርጠሽ አስገቢ።

ድሮይድ የማይነግርሽ አንድ ነገር አለ፣ የውጭ መመሪያዎችም አያነሱትም። ከዩኒኮድ (አማርኛን በየትኛውም ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ከሚያደርገው የፊደል ኮድ) በፊት በነበሩ ፎንቶች፣ እንደ ድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ባሉት፣ የተተየበ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይከፈታል። ተበላሽቷል ብለሽ አታጥፊው። ፎንቱ ያለበትን አሮጌ ማሽን ፎርማት ሳያደርጉት ፈልጊና እዚያው ወደ ፒዲኤፍ/ኤ (ለረጅም ጊዜ ማቆያ ወደተሠራው የፒዲኤፍ ዓይነት) ቀይሪው። መልኩ ይጠበቃል፣ ቃሉ ግን አሁንም በፍለጋ አይገኝም፤ ስለዚህ የደብዳቤውን ቁጥር፣ ቀንና ጉዳይ በዩኒኮድ አማርኛ መዝገቡ ላይ አስፍሪ።